የጠጠር መስኮት

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ብዕሩን የያዘችው ምራቴ ናት፤ የታላቁ ልጄ ሚስት። ቃሉ የእኔ፣ እጁ የእሷ። ይህ ከሁሉ በፊት ይጻፍ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አላፍርበትም። ያቆምኳቸው ቤቶች ፊደል በቆጠሩ ሰዎች ተሞልተዋል።

የግንበኞች አለቃ ሳለሁ የቀኑን ሥራ የሚጽፍልኝ ጸሐፊ ነበር። ዛሬ ይህን ያህል ግድግዳ ቆመ… እገሌ ቀረ… ዝናብ አስቆመን። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ልማዱ አልለቀቀኝም። አሁን ግን ምን ሥራ አለ? እግሬ ጄሶ ውስጥ ነው። ስንቱን ጣሪያ በጄሶ የለሰንኩ ሰውዬ ራሴ ተለሰንኩ። ከመወጣጫ እንጨት ላይ ወድቄ ቢሆን እሺ። ከመታጠቢያ ቤት ደፍ ላይ! ይህን አትጻፊ አልኳት፣ ጽፋዋለች። አየኋት።

ሦስተኛ ፎቅ ነን። ከአልጋ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ። ክራንቼ ቋ ቋ ባለ ቁጥር የታችኛዋ ጎረቤት ጣሪያዋን በመጥረጊያ እንጨት ትደበድባለች። እኔም እመልስላታለሁ። ከልጄ ይልቅ ከእሷ ጋር እናወራለን። ልጄ ለሥራ ክፍለ ሀገር ከሄደ ከርሟል።

ማታ ጠጠርን አየኋት። ጠጠር የመጨረሻ ልጄ ናት። ጆሮዋ አይሰማም፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ። እናቷ ስትሞት ሥራ ቦታ ይዣት እውል ነበር። ጠጠር ስትለቅም ትውላለች፤ ስሙ ከዚያ ቀረ። በእጅ ሲጠራ ሁለት ጣት ማሸት ነው። የአርማታ ማደባለቂያው ሲያጓራ ግንበኛ በአፉ አያወራም፣ በእጁ ነው። ከላይ ያለው ለታቹ፣ የታቹ ለላዩ። ያንን ቋንቋ እንደ ጠጠሩ ከመሬት ለቀመችው። የጎደለውን እኔና እሷ ሞላንበት። አሁን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እኔና እሷ።

አግብታ ሩቅ ከተማ ነው ያለችው። ባሏ ጫማ ሰፊ ነው። እሱም አይሰማም። የእጅ ቋንቋውን ትምህርት ቤት ተምሮታል፤ የእኔን አያውቅም፣ የእሱን አላውቅም። ሲያየኝ አንገቱን ይነቀንቃል፣ ሳየው እነቀንቃለሁ። አለቀ።

ስልክ ለእሷ አይሆንም። ጽሑፍ ለእኔ አይሆንም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ። ልጄ ገዝቶ አመጣው፣ ካሜራ አናቱ ላይ ሰካ፣ «አባባ፣ አረንጓዴዋን ብቻ ይጫኑ» አለኝ። አረንጓዴዋን እጫናለሁ፣ ጠጠር ትመጣለች። ሌላውን አልነካም፣ አላውቅም፣ አልፈልግም።

ዛሬም መጣች። ገና ሳያት «ጭቃሽ ቀጠነ» አልኳት። ጣቶቼን ወደ ታች አንጠባጥቤ። ግንበኛ ጭቃ የሚያቦካውን ሰውዬ የሚሰድብበት ነው። «ከሳሽ» ማለቴ ነው። ሁልጊዜ እላታለሁ፣ ሁልጊዜ ትስቃለች። ዛሬ ግን ቆየች… ሳቋ ዘገየ። እጄን ወደ ጎን ሳደርገው ዓይኗ አልተከተለኝም።

ለምን?

በይ አንብቢልኝ። የጨመርሽው እንዳለ ልስማ።


ረቡዕ፣ የካቲት 5

ነገረችኝ።

መጋረጃ ነው አለች። ከዓይኗ ጥግ ጀምሮ እየወረደ ያለ ጥቁር መጋረጃ። ሐኪም አይቷታል። ሐኪሙ ያላትን በእኛ እጅ ስታስረዳኝ ምን አደረገች? በእጇ አየር ላይ ግድግዳ ሠራች። በጥፍሯ ልስኑን ከጥግ ላጠችው። ከዓይኗ በስተኋላ ያለው ስስ ነገር እንደ ልስን እየለቀቀ ነው ማለት ነው። ቀኙ ብሶበታል፣ ግራውም ጀምሮታል።

ልስን ሲለቅ አውቃለሁ። ከአንድ ጥግ ይጀምራል። ውሃ አስገብቶ ያብጣል። ካልያዙት አንድ ቀን ሙሉው ይወርዳል።

በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ እቀድልሻለሁ ብሏታል። ከዚያ ሁለቱም ዓይኗ ይሸፈናል፤ እንዳይንቀሳቀስ። ለቀናት። እሺ ካላልሽ ግን አንዱ ይጠፋል፣ ሌላውም ይከተላል ብሏታል።

እጇን አነሳች። «እሺ ልበል?» አለች። «አንተ ካልክ እላለሁ። ካላልክ ይቅር።» በእጅ አንተ እና አንቱ የለም። ቀጥታ ነው።

እኔ እጄን አነሳሁ… ምን ልላት?

ኖራ ዓይኑ ውስጥ የገባ የሥራ ባልደረባ ነበረኝ። ጎበዝ ግንበኛ። ዓይኑን ቀደዱት። ጨርቁ ሲፈታ ያው ጨለማ ነበር። በክንዱ እየመራሁ ቤቱ አደረስኩት። የጠጠር ጆሮ ተዘግቷል። ዓይኗም ከተዘጋ በየት በኩል ነው የምገባው?

እጄ እንደተነሳ፣ ፊቷ ላይ አንድ አረንጓዴ ነገር ብቅ አለ። ይብለጨለጫል። እንደገና እየጠራችኝ ነው አልኩ። አረንጓዴ እኮ ነው! ተጫንኩት።

ጠጠር ጠፋች።

እጄ አየር ላይ ቀረ።


ሐሙስ፣ የካቲት 6

ጠዋት ኮምፒውተሩን ከፈትነው። ያልለበሱ ሴቶች። አንዷን ስዘጋ ሁለት ይመጣሉ። ምራቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትንፈራፈራለች፤ በሳቅ ነው። «አባባ፣ ምን ዓይነት ቦታ ገብተው ነው?» ትላለች። ፎጣ አለበስኳቸው።

ጠጠር የለችም። አረንጓዴዋን ብጫን፣ ብጫን… ሴቶቹ ብቻ ናቸው ከፎጣው ሥር።


ዓርብ፣ የካቲት 7

ኮምፒውተር ጠጋኙ መጣ። ስሙን አልጠየቅኩም፣ «ጥድፊያ» ብዬዋለሁ። ሲቀመጥ ሊነሳ፣ ሲነሳ ሊሄድ ነው። ስልኩ ሲጮህ በአንድ እጁ ያነሳል፣ በሌላው የእኔን ይነካካል።

«አባት፣ ምን ነክተው ነው?»

«ልጄን ነው የነካሁት። የመሰለኝን ማለቴ ነው።»

«ቫይረስ ነው። ሞልቶታል። ይዤው ልሂድ፣ ነገ አመጣዋለሁ።»

ቫይረስ ምንድነው አልኩት። ሳይጠሩት የሚገባ ነው አለ። እኔ ግን ጠርቼዋለሁ እኮ። በጣቴ ከፍቼ አስገብቼዋለሁ። ይህን ለልጄ እንዳትነግሪ፤ እዚህ ብቻ ይቀመጥ።

ኮምፒውተሩን ነቅሎ ሲሸከመው ጠረጴዛው ላይ አራት ማዕዘን አቧራ ቀረ። ሙሉ ቀን ያንን አቧራ ሳይ ዋልኩ። ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ። የታችኛዋ አራት ጊዜ ደበደበች።

አንድ ነገር አለ… ልናገረው ወይ? ይጻፍ። ኮምፒውተሩ ደረጃውን ሲወርድ እፎይ አልኩ። ለቅጽበት። መልስ መስጠት ቀረልኝ ብዬ። ከዚያ ራሴን ጠላሁት።

አንብቢልኝ። አይ… ይህን አታንብቢ።


ቅዳሜ፣ የካቲት 8

አመጣው። ፎጣውን አነሳን። ሴቶቹ ሄደዋል። ንጹህ፣ የታጠበ ይመስላል። «አንድም አልቀረ፣ ገድያቸዋለሁ» አለ ጥድፊያ። አረንጓዴዋ በቦታዋ ናት።

ተጫንኩ። ትዞራለች። ትዞራለች። ሞተች።

«ኢንተርኔቱ የለም» አለ።

«እኔስ ምን ፈልጌ ነው የጠራሁህ? ቤቱን ጠርገህ በሩን ዘጋህብኝ?»

«አባት፣ የእኔ ሥራ ቫይረሱ ነው። ይህ የመስመር ነው። የስልክ ሠራተኞቹን ይጥሩ።» ይህን ሲል ደረጃው ላይ ነበር። የመጨረሻዋን ቃል ሁለተኛ ፎቅ ሆኖ ነው ያላት።

አንድ ቤት ልስን ሲሰነጠቅ ለሳኙ ግንበኛውን ይላል። ግንበኛው መሠረት ቆፋሪውን ይላል። መሠረት ቆፋሪው አፈሩን ይላል። አፈር አፍ የለውም፣ ይችላል።


እሁድ፣ የካቲት 9

ምራቴ መላ አመጣች። «አባባ፣ በስልኬ መልእክት እንጻፍላት። እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ እጽፋለሁ፤ እንደ ማስታወሻው።» ስልኳ ቁልፍ ያላት ትንሽ ናት፣ ጽሑፍ እንጂ ምስል አታሳይም።

ምን በዪ ልበላት? ከአልጋ ወደ መስኮት ሄድኩ። ተመለስኩ። ልስን ነው፣ ካልያዙት ይወርዳል። ይህን አውቃለሁ፤ ከሐኪሙ እኩል አውቃለሁ። ግን የባልደረባዬ ክንድ… ክንዴ ላይ አሁንም አለ።

«እሺ በዪ» ብለሽ ጻፊላት አልኩ። ድምፄ አላማረኝም።

ጻፈች። ቆየና ስልኳ ጮኸች። ምራቴ ለራሷ አነበበች።

«ምን አለች?»

«አባባ…»

«አንብቢ!»

«አባቴ አይጽፍም። እጁን ሳላይ አላምንም፣ ነው ያለችው።»

ሳቅም መጣኝ፣ እንባም መጣኝ። የማን ልጅ ሆነችና! ግን እውነት አላት። ጫማ ሰፊውን ልታገባ ስትል ወንድሟ በእኔ ስም ጽፎላት ነበር። «አባባ አዝኗል፣ ተዪው» ብሎ። እኔ ያንን አላልኩም። እኔ ምንም አላልኩም ነበር። ለሁለት ወር አኩርፋኝ ስትመጣ ነው ያወቅኩት። ባልሽ ቢሆንም ጻፊው። ደመቅ አድርገሽ።

ከዚያ ወዲህ በእኔ ስም የተጻፈ ሁሉ ለእሷ የማንም ነው።

እንግዲያው ራሴ እሄዳለሁ አልኩ። በሩን ከፍቼ ደረጃ ጀመርኩ። ሁለት ደረጃ ወርጄ ሦስተኛው ላይ ተቀመጥኩ። ጄሶው እንደ ምሰሶ ፊቴ ተገትሮ። አርባ ዓመት ሰማይ ላይ የቆምኩ ሰው! የታችኛዋ ጎረቤት በሯን ከፍታ አየችኝ። የመጥረጊያው እንጨት በእጇ ነው። «አባባ፣ ልርዳዎት?» አለች። ሂጂ አልኳት። ሳትሄድ ክንዴን ይዛ አነሳችኝ። ጉልበት አላት ለካ… ያ ድብደባ ከየት እንደሚመጣ ገባኝ።


ሰኞ፣ የካቲት 10

ምራቴ ማለዳ ወርዳ መንገድ ማዶ ያለውን ኢንተርኔት ቤት ጠየቀች። ካሜራ ተሰርቋል፣ የለንም አሏት። ጠጠር ለሐኪሙ እስከ ረቡዕ ቃል መስጠት አለባት። ጫማ ሰፊው ለምራቴ ጽፎላታል። «አልሰማም ብላለች። አባቷን ትላለች» ብሎ።

የስልክ ሠራተኛው ከሰዓት መጣ። ወገቡ ላይ ከመሣሪያ ብዛት ሱሪው ይወርዳል፤ «ቀበቶ» ብዬዋለሁ። እንደ ጥድፊያ አይደለም፣ እርግት ያለ ነው። ሽቦውን ከግድግዳው ተከትሎ መጣ። ትንሿን ሣጥን አየ። መብራቶቿ ሁሉ በርተዋል። ሽቦውን ከእኔ ኮምፒውተር ነቅሎ በሚሸከማት በራሱ ኮምፒውተር ላይ ሰካው።

ሠራ! ዓይኔ እያየ ሠራ። የማላውቀው ሰውዬ ዜና ያወራል።

«በዚህ ልጄን አሳየኝ!»

«አባቴ፣ ካሜራ የለውም። ፕሮግራሙም የለበትም፤ የመሥሪያ ቤት ነው፣ ልጭንበት አልችልም።»

«የእኔን ካሜራ ንቀልና ሰካ!»

«አልፈቀዱልኝም አባቴ፣ እንጀራዬ ነው።» ጭንቅላቱን ደፋ። አልተቆጣሁትም። ትንሽ ብቻ ተቆጣሁት።

መስመሩ ንጹህ ነው፣ ችግሩ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው ብሎ ሄደ። ለጥድፊያ ደወልን። «ኮምፒውተሩ ንጹህ ነው፣ መስመሩ ነው» አለ። ንጹህ ከንጹህ ተጋጠሙና ልጄ በመሀል ጠፋች።

ተነሳሁ። ተቀመጥኩ። ተነሳሁ።

በእኔ ጊዜ እንዲህ ሲሆን ምን እናደርግ ነበር? ግድግዳ ከቱንቢ ወጥቶ ሲያዘም፣ የነካው ሁሉ ይጠራል። ቆፋሪ፣ ግንበኛ፣ ለሳኝ፣ ውሃ ያመላለሰ ሳይቀር። ግድግዳው ፊት ይሰለፋሉ። ጥፋቱ እስኪገኝ ማንም ምሳ አይሄድም። በተናጠል ካናገርካቸው እያንዳንዳቸው ንጹህ ናቸው። ግድግዳው ፊት አብረው ሲቆሙ ግን አንዱ የሌላውን ሥራ ያያል።

ምራቴን አልኳት፣ ለሁለቱም ነገ አራት ሰዓት ብለሽ ደውዪ። አንዱ ስለ ሌላው እንዳይሰማ። ሳቀች። «አባባ፣ ሽማግሌ ሊያስቀምጡ ነው እንዴ?» አለች። አይደለም አልኳት፣ ላስቀምጣቸው ነው።


ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ረጅም ይሆናል። እጅሽ ቢደክም ንገሪኝ።

ቀበቶ ቀድሞ መጣ። ጥድፊያ ዘግይቶ፣ ስልኩ ጆሮው ላይ ሆኖ ገባ። ተያዩ። ወንበሬን በሩ ላይ አስጠግቼ ተቀመጥኩ፣ ጄሶውን በመቃኑ መሀል ዘረጋሁት። ከወዲያኛው መቃን እስከ ወዲህኛው።

«አባት፣ ምንድነው ይህ?» አለ ጥድፊያ።

«የበር መወርወሪያ ነው።»

«ሥራ አለብኝ እኮ!»

«እኔም አለብኝ። ኢንተርኔቱ እስኪመጣ ከዚህ ቤት የሚወጣ በእግሬ ላይ ነው የሚያልፈው። እግሬ ደግሞ ተሰብሯል። ማለፍ የሚፈልግ ይምጣ።»

ቀበቶ ፈገግ አለ፣ የመሣሪያውን ቀበቶ ፈትቶ ተቀመጠ። ምራቴ ሻይ አመጣች። ጥድፊያ ቆሞ ቀረ። ለምን እንደሆነ ነገርኳቸው። ስለ ጠጠር፣ ስለ መጋረጃው፣ ስለ ሐሙስ። እጄ አየር ላይ ስለመቅረቱም። አላለቀስኩም፤ እንዳትጨምሪ። ጥድፊያ ስልኩን ዘግቶ ኪሱ ከተተ። እስከዚያ ድረስ ሲዘጋው አላየሁም።

«እሺ» አለ ቀበቶ። «በእኔ ላይ ይሠራል፣ እየው።» ሰካ፣ ሠራ። «አሁን አንተ ባጸዳኸው ላይ።» ሰካ፣ አልሠራም። ጥድፊያ በዓይኑ አየ። ከዚህ በኋላ መስመሩ ነው የሚልበት አፍ አጣ።

ተቀመጠ። ኮቱን አወለቀ። ገጽ ከፈተ፣ ዘጋ፣ ሌላ ከፈተ። ቀበቶ በትከሻው በኩል ያያል። ቁጥር ይነጋገራሉ። ቁጥሩን ለወጡ፣ አልሆነም። አጥፍተው አበሩ፣ አልሆነም። ጥድፊያ ላብ ላብ አለው። ከዚያ ቀበቶ፣ «ያቺን አልከፈትካትም» አለ። «የትኛዋን?» «በማን በኩል ይውጣ የሚለውን።»

ከፈታት። ሁለቱም ተያዩ።

«ምንድነው? በእኛ ቋንቋ ንገሩኝ!»

ጥድፊያ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ። ቫይረሱ ሲገባ አንድ ትእዛዝ ሰጥቷል አለ። ወደ ውጭ የምትወጣው በእኔ በኩል ብቻ ነው ብሎ። ራሱን በረኛ አድርጎ ሾመ። ጥድፊያ በረኛውን ገደለው፣ ትእዛዙን ግን አልሻረውም። ኮምፒውተሩ እስከ ዛሬ በሞተ በረኛ ደጅ ቆሞ ያንኳኳል።

«እና?»

«አንዲት ምልክት ናት አባት። ገጹ ላይ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ያለች። ማንሳት ብቻ ነበር።» አንገቱን ቀበረ። «ቅዳሜ ዕለት… ቸኩዬ ነው።»

አነሳት። ቀበቶም ሳቀ፣ እኔም ልሳደብ ብዬ አፌን ከፍቼ ተውኩት። ግድግዳው ፊት ቆሞ ላመነ ሰው ስድብ የለም፤ እንደዚያ ነበር ደንባችን።

ምራቴ ለጠጠር ጻፈች፣ «ወደ ኮምፒውተሩ መስኮት ነዪ» ብላ። መልሷ አንዲት ቃል ናት፤ «እጁ?»

አረንጓዴዋን ተጫንኩ። አራቴ አይቼ ነው የተጫንኩት።

መጣች። አንገቷን ወደ ጎን አዘንብላ፣ በቀረው ዓይኗ እየፈለገችኝ። እጄን ወደ ፊቷ ፊት ለፊት አደረግኩ። ቀበቶም ጥድፊያም ከኋላዬ ቆመዋል። ይቁሙ።

ግንበኛ ከላይ ሆኖ ድንጋይ በገመድ ሲቀበል፣ ከታች ያለው ገመዱን ጨብጦ ይጠብቃል። የላዩ በሚገባ ሳይዝ ቢለቅ ሰው ይሞታል። ስለዚህ የላዩ በጡጫው ደረቱን ሁለት ጊዜ መትቶ መዳፉን ይዘረጋል። ይዣለሁ፣ ልቀቅ፣ ማለት ነው። ሳይይዝ ያንን ምልክት የሰጠ ግንበኛ ሁለተኛ መወጣጫ ላይ አይወጣም። ጠጠር ያውቃል ይህን። ታውቃለች ማለቴ ነው፤ አስተካክዪው… ወይም ተዪው።

ይዣለሁ ወይ? በምን ይዣለሁ? እግር የለኝ፣ ርቀቱ ያን ያህል። ግን ልስኑ እየወረደ ነው፤ ካልያዙት ሙሉው ነው የሚወርደው። ደግሞ የልጅ አባት ካልያዘ ማን ይይዛል?

ደረቴን ሁለት ጊዜ መታሁ። መዳፌን ዘረጋሁ።

አየችው። ከዚያ ጨብጣ የነበረውን እጇን ፈታች። «ለቀቅኩ» አለች።

ልንለያይ ስንል ጠየቀችኝ። «ሲሸፈን እጅህን እንዴት አየዋለሁ?»

ባሏ ከኋላዋ ቆሟል፣ እንደወትሮው አንገቱን እየነቀነቀ። ጫማ ሰፊው። ከእሱ በቀር እዚያ ቤት ውስጥ እጅ ያለው ማን አለ? በአገጬ ጠራሁት። መጣ፣ ፊቴ ተቀመጠ። በዚያ ሁሉ ዓመት ፊት ለፊት አይቼው አላውቅም። ደረቴን ሁለት ጊዜ መትቼ መዳፌን ዘረጋሁ። ደገመው። አይ፣ በእሷ መዳፍ ላይ፣ አልኩት በምልክት። የጠጠርን መዳፍ ይዞ ሁለት ጊዜ በጡጫው ነካ ነካ አደረገ፣ መዳፉን መዳፏ ላይ ዘረጋ። «ቀስ» አስተማርኩት፤ ፍቺውን ጠጠር በእሱ ቋንቋ ነገረችው። «በቃ» አስተማርኩት። «አለሁ» አስተማርኩት። ሙጫ የደረቀበት ወፍራም ጣት ነው ያለው፣ ግን ጥንቁቅ ነው። ሲሳሳት ራሱ ይመልሰዋል። እንዲህ ያለ ሠራተኛ አጥቼ ነበር።

እግሬን ከበሩ አነሳሁ። ጥድፊያ ግን ቶሎ አልወጣም። ሻዩን ጠጥቶ ጨረሰ።


ረቡዕ፣ የካቲት 12

እሺ ብላለች። ፈርማለች። እኔን ነው ያላስቻለኝ። መስኮት፣ ወንበር፣ አልጋ። የታችኛዋ ዛሬ አልደበደበችም። ነግረሻታል እንዴ?


ሐሙስ፣ የካቲት 13

«ወጥታለች። ተሸፍናለች። ተኝታለች።» ጫማ ሰፊው ነው የጻፈው። ምራቴ ሦስቴ አነበበችልኝ።

ይሳካል አይሳካም፣ ጨርቁ ሲፈታ ነው የሚታወቀው ብሏል ሐኪሙ። ሳትነቃነቅ ትተኛ ብሏል።

ጨለማ ውስጥ ናት። ድምፅም የለ። ይዣለሁ ብያታለሁ። ይዣለሁ…


ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ወደ ቤቷ አመጧት። ጫማ ሰፊው ኮምፒውተሩን ወደ አልጋዋ አስጠግቶታል። ከሰዓት አረንጓዴዋን ተጫንኩ።

ሁለት ዓይኗ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። አገጯ ቀጥኗል። በጎኗ ተኝታለች። ባሏ መዳፏን ይዞ ወደ እኔ ያያል።

ደረቴን ሁለት ጊዜ መታሁ፣ መዳፌን ዘረጋሁ። እሱ በመዳፏ ላይ አደረሰ። አልተንቀሳቀሰችም። «አለሁ» አልኩ። አደረሰ። ከዚያ እጇን ሳብ አድርጋ ወደ አየር አነሳች። እሷ ባታይም እኔ አየዋለሁ እኮ።

«ይህ የማን እጅ ነው?» አለች።

ባሏ ግራ ገባው። እኔን ያያል። ገባኝ። «ሊያጽናናኝ ብሎ ነው፤ አባቴ የለም፣ በስሙ እያወራ ነው» ብላ አስባለች። አልፈርድባትም። እሱ ያስተማርኩትን ቃል ያውቃል፤ እኔ ባልኖርም ሊላት ይችላል። ታዲያ እኔ መሆኔን በምን ታውቅ? እጄ እዚህ፣ መዳፏ እዚያ፣ በመሀል የሌላ ሰው እጅ።

ወንበሬ ላይ ተቁነጠነጥኩ። ወደ ምራቴ ዞርኩ፤ ብዕሯን ይዛ ቆማለች።

ከዚያ መጣልኝ። ለጫማ ሰፊው ያላስተማርኩት አንድ አለ። ስድብ ነው፣ ለምን አስተምረዋለሁ?

ጣቶቼን ወደ ታች አንጠባጠብኩ። ጭቃሽ ቀጠነ።

ጫማ ሰፊው ቅንድቡን ሰበሰበ። ምን ማለት ነው አለ በዓይኑ። አድርሰው አልኩት። ምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ ያየውን ሁሉ ሳያጎድል፣ ጣቶቹን በመዳፏ ላይ ጠብ ጠብ ጠብ አደረጋቸው። እንደኔው። የመጨረሻዋን ጣት እንኳ እንደኔው አዘግይቶ።

ከዚያ የጠጠር ትከሻ ተንቀጠቀጠ። እያለቀሰች መሰለኝ። አይደለም። ጥርሷ ታየ። ትስቃለች! ከጨርቁ ሥር ትስቃለች። ባሏ ደንግጦ ትከሻዋን ይዞ «ቀስ፣ ቀስ» ይላታል፣ እኔ ባስተማርኩት እጅ። እሷ በሌላው እጇ አየር ላይ፣ «አባቴ ነው፣ አባቴ ነው፣ ሰደበኝ» ትላለች። እኔም በዚህ በኩል ክራንቼን ወለሉ ላይ እየደበደብኩ… የታችኛዋ መለሰችልኝ። ይደብደቡ ብላ ነው እንጂ ተቆጥታ አይደለም። አሁን ድምፁን ለይቼዋለሁ።

ሳቋ ሲበርድ መዳፏን ለባሏ መልሳ ሰጠችው። ከዚያ በኋላ የማን እጅ ነው አላለችም። ብዙ አወራን። እኔ እላለሁ፣ እሱ ያደርሳል፣ እሷ ትመልሳለች። አንድ ሁለት የእሱንም ተማርኩ፤ የትምህርት ቤቱን። «አመሰግናለሁ» እጅን ከአገጭ ወደ ፊት ነው። ለእሱ አልኩት። አንገቱን ሳይነቀንቅ፣ በእጁ መለሰልኝ።

ዓይኗ ይያዝ አይያዝ ገና አላውቅም። ልስኑ ሲደርቅ ነው የሚታወቀው። እየጠበቅኩ ነው። መስኮት፣ ወንበር፣ አልጋ… ያው ነኝ።

በይ ልጄ፣ አንብቢልኝ። ከመጀመሪያው ጀምረሽ። እስከ ዛሬ ጨምራ ይሆን፣ ቀንሳ ይሆን እያልኩ ነበር የማስነብብሽ። ዛሬ እንዲሁ ልስማው። የዓርቡንም አንብቢ። የመታጠቢያ ቤቱን ደፍም እንዳትዘልዪው።